«ሶሪ» ስትል የት ጋ አመመህ?

የዛሬው ወጋችን ከአፋችን በማትጠፋ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላይ ነው፤ «ሶሪ»!

ነገሩን ያነሳችብኝ አንዲት ወጣት ነች። ጓደኛዋ ቀጥሮ ሁለት ሰዓት ያስጠብቃታል፤ «ሶሪ የኔ ቆንጆ!» በሰው ፊት ይዘልፋታል፤ «በቃ ሶሪ አልኩ እኮ!» ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲሁ። «ሶሪ ካለኝ በኋላም መከፋቴ ጥፋቱ የኔ ነው ወይ?» ትላለች።

እስቲ ቃሏን ከሥሯ እንያት። ከ1,000 ዓመት በፊት ይነገር በነበረው ጥንታዊ እንግሊዝኛ «ሳሪግ» ትባል ነበር። የወጣችውም «ሳር» ከሚል ቃል ነው፤ ትርጉሙ ሕመም፣ ቁስል። ዛሬም ጉሮሮ ሲታመም «ሶር ስሮት» የሚባለው ከዚያው ነው። ሐዘን ማለት የሆነው «ሶሮው» እህቷ ይመስላል እንጂ ከሌላ ሥር የመጣ ነው። በድምፅ ተቀራርበው ነው ሰውን የሚያሳስቱት። እንግዲህ የድሮ ሰው «ሶሪ ነኝ» ሲል «ውስጤ ቆስሏል» ማለቱ ነበር። ዛሬ ግን ታክሲ ውስጥ እግር የረገጠም «ሶሪ»፣ ያልሰማውን የሚያስደግምም «ሶሪ?» ሆኗል። ቁስሉ ቀርቶ ድምፁ ብቻ ተረፈ!

የኛዋ «ይቅርታ» ደግሞ ሌላ መንገድ አላት። «ይቅር» ማለት «ይተው» ነው። ይቅር የሚለው ደግሞ የተበደለው ነው። ሶሪ የበዳይን ስሜት ትናገራለች፤ ይቅርታ ግን የተበዳይን ደጅ ትጠናለች። በሽምግልና በዳይ ድንጋይ ተሸክሞ የሚያጎነብሰው ለዚሁ ነው፤ መልሱ በሌላው እጅ ነዋ!

ስለዚህ እህቴ፣ መከፋትሽ ጥፋት አይደለም። «ሶሪ» ስላለ ብቻ «እሺ» የማለት ዕዳ የለብሽም። ረጋ ባላችሁበት ሰዓት ቁጭ አድርጊና በአማርኛ ጠይቂው፤ «ምን አጠፋሁ ብለህ ነው? ነገስ ምን ይለወጣል?» እንደ ጥንቶቹ አሞት ከሆነ ከፊቱም ከሥራውም ታይዋለሽ። «ሶሪ አልኩ እኮ!» ብሎ ከጮኸ ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ይህችው ቃል በእንግሊዝኛ «የማይረባ» የሚል ትርጉምም አላት። የእሱ «ሶሪ» የትኛዋ እንደሆነች ፈራጇ አንቺ ነሽ።