«ስቱፒድ»፣ «ዳምብ» እና «ኢግኖራንት» አንድ ቃል አይደሉም

ለእንግሊዝኛ ባግሩት በምናጠናቸው ቃላት ውስጥ ሞኝ ለማለት የሚያገለግሉ ብዙ ቃላት አሉ። ስቱፒድ፣ ዳምብ፣ ዱል፣ ፉሊሽ፣ ሲሊ፣ ኢግኖራንት፣ ኢዲየት፣ ሞሮን። ዕብራይስጡን ስንጠይቅ አብዛኞቹ ወደ «ቲፔሽ» ወይም ወደ «መቱምታም» ይወስዱናል። ስለዚህ ብዙ ተማሪ ሁሉንም እንደ አንድ ቃል ሸምድዶ ያልፋቸዋል። እኛ ግን አንድ አይደሉም እንላለን። እያንዳንዱ ቃል ሰውን የሚከሰው በተለየ ነገር ነው። ክሱ ሲደባለቅ ያላጠፋ ሰው ይፈረድበታል፤ በእኛ ቤተሰቦች ላይም ብዙ ጊዜ የተፈረደው እንደዚህ ነው።

ከቀላሉ እንጀምር። «ኢግኖራንት» ማለት ያላወቀ፣ ያልተማረ ማለት ነው። ስለ አእምሮው ምንም አይናገርም። ዛሬ ያላወቀውን ነገ ቢነግሩት ያውቀዋል። «ስቱፒድ» ግን ቢነግሩትም የማይገባው ነው። ቃሉ ከላቲን የመጣ ሲሆን መጀመሪያ መደንዘዝን፣ ክው ብሎ መቅረትን ያመለክት ነበር። «ዱል» ለቢላም ለሰውም ይሆናል። ይህ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ በአማርኛም ቢላው ደነዘ ይባላል፣ ሰውም ደነዝ ይባላል። «ፉሊሽ» ደግሞ አእምሮ እያለው የማያመዛዝን ነው። በሒሳብ 100 አግኝቶ ያለ ካስዳ ኮርኪኔት የሚነዳ ልጅ ስቱፒድ አይደለም፣ ፉሊሽ ነው። (እናቶቻችን ግን በዚያ ሰዓት ልዩነቱን አይጠይቁም።)

«ሲሊ» ከሁሉም ቀላሉ ነው፤ ጓደኛ ጓደኛውን እየሳቀ ይለዋል። የሚገርመው በጥንቱ እንግሊዝኛ የዚህ ቃል ትርጉም የተባረከ፣ ደስተኛ ማለት ነበር። ከዚያ ክፋት የማያውቅ ሆነ፣ ቀጥሎ የሚያሳዝን፣ በመጨረሻም ቂል ሆኖ ቀረ። የእኛም «የዋህ» በዚሁ መንገድ ላይ ያለ ይመስለናል። ሽማግሌዎች «የዋህ ሰው ነው» ሲሉ እያመሰገኑት ነው። ነጋዴ ስለ ደንበኛው «የዋህ ነው» ካለ ግን በቀላሉ ይታለላል ማለቱ ነው።

ብዙ የተነጋገርነው ስለ «ዳምብ» ነው። ይህ ቃል መጀመሪያ ሞኝ ማለት አልነበረም፤ መናገር የማይችል፣ ዲዳ ማለት ነበር። በአማርኛ «ደንቆሮ» ብለን የምንሰድበው ደግሞ በቃሉ ትርጉም ጆሮው የማይሰማ ሰው ነው። እንግሊዞች በአገራቸው፣ አበሾች በአገራቸው ሆነው አንድ ዓይነት ስሕተት ሠሩ። የማይናገረውን ወይም የማይሰማውን ሰው አእምሮ የለውም አሉት።

ይህ የጥንት ነገር ብቻ አይደለም። የወላጆች ቀን ሲሆን እናታችን ከአስተማሪዋ ፊት ትቀመጣለች። ዕብራይስጧ ለሱቅና ለአውቶቡስ ይበቃል፣ ለዚህ ወሬ ግን አይበቃም። ስለዚህ ዝም ትላለች፣ እኛም እንተረጉማለን። አስተማሪዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ቃላቱን እየቆራረጠች፣ ለሕፃን እንደሚነገር ትነግራታለች። ያቺው እናት ግን ዘመድ ሲጣላ ሰዎች ቤቷ መጥተው አስታርቂን የሚሏት ናት። በአማርኛ ስትናገር ክፍሉ ጸጥ ይላል። እንግዲህ «ዳምብ» የሚለው ቃል በጥንቱ ትርጉሙ ለዚያች አሥር ደቂቃ ልክ ሊሆን ይችላል። በዛሬው ትርጉሙ ግን ሐሰት ነው።

አያቶቻችንም እንዲሁ ናቸው። ፊደል ያልቆጠሩ ብዙ ናቸው፤ «ማይም» ይባላሉ። ነገር ግን ሁለት ወጣቶች ሊጋቡ ሲያስቡ፣ ዘመድ መሆን አለመሆናቸውን ለማወቅ እስከ 7 ትውልድ ድረስ በቃላቸው የሚቆጥሩት እነሱ ናቸው። ማንም ወረቀት አያወጣም።

ከሁሉም የከፉት ቃላት ግን ኢዲየት፣ ኢምቤሲልና ሞሮን ናቸው ብለን እናስባለን። ዛሬ ተራ ስድብ ይመስላሉ። ከመቶ ዓመት በፊት ግን በባለሙያዎች እጅ የሳይንስ ቃላት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1905 አልፍሬድ ቢኔ እና ቴዎዶር ሲሞን የተባሉ ፈረንሳዮች የአእምሮ ፈተና አዘጋጁ። ዓላማቸው በትምህርት ቤት እርዳታ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች መለየት ነበር። ፈተናውን ወደ አሜሪካ የወሰደው ሄንሪ ጎዳርድ ግን ሰውን በደረጃ ከፈለበት። አእምሮው እስከ 2 ዓመት ልጅ ከሆነ ኢዲየት፣ ከ3 እስከ 7 ከሆነ ኢምቤሲል ተባለ። ከ8 እስከ 12 ለሆነው ግን ቃል ጎደለና በ1910 «ሞሮን» የሚለውን ከግሪክኛ ወስዶ ራሱ ፈጠረው።

ከዚያ በ1913 ረዳቶቹን ወደ ኒው ዮርክ፣ ወደ ኤሊስ ደሴት ላከ። እዚያ ስደተኞች ከመርከብ ይወርዳሉ። ደክሟቸዋል፣ ቋንቋውን አያውቁም፣ የሚጠየቁት በአስተርጓሚ ነው፤ ከመካከላቸውም እርሳስ ይዘው የማያውቁ ነበሩ። ውጤቱ በ1917 ታተመ። ከተፈተኑት አይሁዶች ከ5ቱ 4 ያህሉ የአእምሮ ደካማ ናቸው ይል ነበር! ዛሬ ይህን ስንሰማ ያስቀናል። ያን ጊዜ ግን የሳቀ ብዙ አልነበረም፣ ሳይንስ ነበርና። ጎዳርድ ራሱ በ1928 ከቀድሞ ሐሳቡ ብዙውን ትቷል፤ ቃሉ ግን እስካሁን በየመንገዱ አለ።

ከሞሮን በኋላ ደግሞ ለጨዋነት ተብሎ «ሪታርድድ» መጣ። ትርጉሙ የዘገየ ማለት ነው። እሱም ስድብ ሆነና በ2010 «የሮዛ ሕግ» የተባለው ሕግ ከአሜሪካ ፌደራል ሕጎች አወጣው። የዕብራይስጡ «መፋጌር» ትርጉሙ ያው ወደ ኋላ የቀረ ነው፤ በየዕረፍቱ በግቢያችን እንሰማዋለን። ስለዚህ ቃሉን ብቻ መለወጥ ብዙ አይረዳም። አዲሱም ቃል እንደ አሮጌው ይበላሻል፣ ከሥሩ ያለው ሐሳብ ያው ከሆነ።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ምን አለበት፣ ስድብ ሁሉ ስድብ ነው» ይሉናል። እኛ አንስማማም። ስድብ በግቢ ውስጥ ይረሳል። የሚያስፈራው በፋይል ውስጥ የተጻፈው ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባል የለ? ሞኙስ አንዳንዴ ይለቃል። በሙሴ ዘመቻ በ1984 እና 1985፣ በሰሎሞን ዘመቻም በ1991 የመጡ ልጆች እዚህ ሲደርሱ በማያውቁት ዓይነት ፈተና ተፈተኑ። ከማኅበረሰባችንም ከቁጥሩ በላይ ብዙ ልጆች ወደ ልዩ ትምህርት ተላኩ። ያልተማረውን ልጅ የማይማር አሉት። ከላይ ባልነው ቃል ብንናገር፣ ኢግኖራንቱን ስቱፒድ አሉት።

ሌላ መንገድ እንደነበረ የምናውቀው ከፕሮፌሰር ራውቨን ፎየርሽታይን ነው። በሮማንያ ተወልደው በ2014 በኢየሩሳሌም ያረፉ የሥነ ልቦና ሰው ናቸው። የእሳቸው ፈተና እንዲህ ነበር፦ ልጁን ይፈትኑታል፣ ከዚያ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምሩታል፣ እንደገና ይፈትኑታል። የሚለኩት ምን ያህል እንደሚያውቅ ሳይሆን ምን ያህል እንደተለወጠ ነው። እሳቸውና ባልደረቦቻቸው ከኢትዮጵያ የመጡ ልጆችንም በዚህ መንገድ ፈትነዋል። ከአጭር ትምህርት በኋላ ውጤታቸው በጣም ከፍ አለ። ልጆቹ ያው ናቸው፣ አእምሮአቸውም ያው ነው። የተጨመረው ማስተማር ብቻ ነው።

እነዚህ ቃላት ሁሉ ይከልከሉ አንልም። ፉሊሽና ሲሊ ያስፈልጉናል፣ የሚናገሩት ስለ ሥራ ነውና፤ ሥራ ደግሞ ነገ ይስተካከላል። የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። አስተማሪዎች ልጅን ወደ ዝቅተኛው ሀቅባጻ ሲያወርዱ፣ ወደ 3 የሒዶት ሲልኩት «ደካማ ነው» ብለው አይጻፉ። ምን እንደጎደለው በስሙ ይጻፉት፦ ክፍልፋይ ገና አልተማረም፤ የእንግሊዝኛ ያለፈ ጊዜ ግሥ ይደባለቅበታል፤ ቤት ውስጥ የሚያስጠናው ሰው የለም። ከሥሩም ማን እንደሚያስተምረውና እንደገና የሚፈተንበትን ቀን ይጻፉ።