የሩቅ አገር ቀረጥ የእኛን ቤት ሲያንኳኳ

ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ሰው «ሲስተር» እያለ ምክር ይጠይቀኛል። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ስትሠራ የነበረች ልጃቸው ወደ ከሚሴ የተመለሰችባቸው አንዲት እናት፣ «አሜሪካ ዕቃ አልገዛም ብላ ነው ይላሉ፤ ከእኔ ልጅ ጋር ምን ጠብ አላት?» አሉኝ። ጥያቄው የብዙ ቤት ስለሆነ ዛሬ በዚህ እንጨዋወት።

የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2009 ሲመረቅ ከወሎ ገጠር ለሚመጡ ልጆች የሥራ ተስፋ ነበር። አገራችን አጎዋ በሚባለው የአሜሪካ ሕግ አማካይነት ልብስ ያለ ቀረጥ ትልክ ነበር። አሜሪካ ግን በሰሜኑ ጦርነት ተፈጸመ ያለችውን የሰብዓዊ መብት ጥሰት ምክንያት አድርጋ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ ዕድሉን ነፈገችን። ያለ አጎዋ አንድ የጥጥ ካናቴራ 16.5 በመቶ፣ የሰው ሠራሽ ክር ካናቴራ ደግሞ 32 በመቶ ቀረጥ ይከፈልበታል። 100 ብር በሚያወጣ የጥጥ ካናቴራ ላይ 16 ብር ከ50 ይጨመራል ማለት ነው። ገዢው ይህን ሲያይ ወደ ሌላ አገር ይሄዳል። ሐዋሳ የነበረው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ፒቪኤች ገና በኅዳር 2014 መውጣቱን አስታወቀ። በመጋቢት 2017 ደግሞ አሜሪካ ከአብዛኞቹ አገሮች በሚገባ ዕቃ ላይ ቢያንስ 10 በመቶ ተጨማሪ ቀረጥ አወጀች፤ ከቻይና ጋርም ተፋጠጠች። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሳሩ ነው።

ጉዳቱ ፋብሪካ በር ላይ አይቆምም። ከጅቡቲ በሚሌ አድርጎ ወደ ኮምቦልቻ የሚወጣው መኪና በባቲ ያልፋል። ጭነቱ ሲቀንስ ምግብ ቤቱም መኝታ ቤቱም ይቀዘቅዛል። ቀጥሎ ያስተናጋጇና የአልጋ አንጣፊዋ ደመወዝ ይቋረጣል። ይህን ጊዜ ነው ደላላው ብቅ የሚለው። «ዐረብ አገር በአንድ ወር እልክልሻለሁ» ይላል፤ መንገዱ ግን በረሃና ባሕር ነው። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ቀረጡን ከከሚሴ ሆነን አናነሣውም። እንግዳን መያዝ ግን እንችላለን። ከሚሴ በአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ላይ ናት፤ እሑድ የሰንበቴ፣ ሰኞ የባቲ ገበያ ሰው ይጎርፍበታል። ሆቴል ያላችሁ ልጆቻችን ስሙኝ፤ እንግዳን የሚመልሰው የሕንፃው መስተዋት አይደለም። ውኃ ያለው ንጹሕ ሽንት ቤት፣ ሳሙና፣ ትኋን የሌለበት ፍራሽና በየእንግዳው የሚቀየር አንሶላ ነው። አገራችን ቆላና ወባማ ስለሆነ ያልተቀደደ አጎበር አትርሱ። ሌሊቱን ሲያክክ ያደረ ሾፌር ሁለተኛ አይመጣም፤ ለጓደኞቹም ይናገራል።

ወላጆችና አያቶች ደግሞ «ሆቴል የገባች ልጅ ተበላሸች» የምንለውን እንተው። ይልቅ ሄደን የምትሠራበትን ቤት እንይ። ስለ ውሏ፣ ስለ ደመወዟ፣ ማታ ስለምታድርበት ቦታ እንጠይቅ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። 18 ያልሞላትን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ማሠራት አይፈቀድም። ለወለደች ሠራተኛ በድምሩ 120 ቀን ከደመወዝ ጋር ፈቃድ አላት። የሚተነኩሳት አሠሪ ወይም እንግዳ ካለ ለእናቷ ሳትፈራ እንድትናገር እናስለምዳት። መንገደኛ በሚያድርበት ከተማ ስለ ኤችአይቪ በግልጽ መነጋገርም ነውር አይደለም።

ሥራ አጥታ የተመለሰችውን ልጅ ደግሞ «ምን ይዘሽ መጣሽ?» አንበላት። ስድብ ወይም የችኮላ ጋብቻ ነው ብዙዎቹን ወደ ደላላው የሚገፋቸው። መሄድ ካለባትም ዕድሜዋ 18 ሞልቶ በሕጋዊ ኤጀንሲ ይሁን። ለዚያች እናት የመለስኩላቸውም ይህንኑ ነው፤ ጠቡ የልጅዎ አይደለም፣ ጥፋቱም የእሷ አይደለም፤ እስክትቋቋም ድረስ ቤትዎ ይቀበላት።

ሳምንት በሰላም ያገናኘን።