ጋዜጣ «እንዲህ ወስኑ» ቢል ምን ነውር አለው?

«ጋዜጣ ወሬውን ያውራ እንጂ ሕዝቡን እንዲህ ወስን አይበል» የሚሉ ምሁራን ጆሮዬን አደንቁረውታል። እኔ ግን እላለሁ፦ ይበል! ምክንያቱን ዘርዝሮ፣ በአደባባይ ይበል።

ለፓርላማ ወንበር ሲመረጥ መራጩ ቢያንስ የፓርቲውን ምልክት ያውቃል። ሕዝበ ውሳኔ ላይ ግን ያለው በሕግ ቋንቋ የተቋጠረ ጥያቄ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 ለካሊፎርኒያ መራጭ፣ ዜግነት ለወሰደው ወገናችን ጭምር፣ 17 የሕግ ሐሳቦች ባንድ ቀን ቀርበውለት ነበር። ሥራ ውሎ የገባ ሰው ይህን ሁሉ መቼ አንብቦ ይጨርሳል? የጋዜጣ ምክር ጉልበት የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

«ታዲያ ሕዝቡን እንደ በግ ሊነዱት?» ትሉኝ ይሆናል። ኧረ ተዉ! እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮትላንድ ከእንግሊዝ ጋር ትቆይ ወይስ ትገንጠል ተብሎ ሲወሰን፣ «ትገንጠል» ያለው ትልቅ ጋዜጣ «ሰንደይ ሄራልድ» ብቻ ነበር። ከመቶ 45 ያህሉ መራጭ ግን የሌሎቹን ሁሉ ምክር ወዲያ ብሎ «ትገንጠል» አለ። ሕዝብ በግ አይደለም!

በእርግጥ ባለቤቱን ማወቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ ወይስ ትቆይ ሲባል፣ «ዘ ሰን» ውጡ አለ፤ «ዘ ታይምስ» ቆዩ አለ። የሁለቱም ጌታ ያኔ አንድ ሰው ነበር፤ ሩፐርት መርዶክ! ውጤቱ 51.9 ለ48.1 ሆነ። እንዲህ በጠበበ ልዩነት ላይ የጋዜጣ ቃል ሚዛን አይደፋም ብሎ የሚምል ካለ እኔ አላምነውም። ቢሆንም አንባቢው ማን ምን እንዳለ ያውቃል፤ ነገ ይጠይቀዋል።

የኛን ደግሞ አስታውሱ። በጥር 1979 ዓ.ም. ደርግ ሕገ መንግሥቱን ለሕዝበ ውሳኔ ሲያቀርብ ጋዜጦቹ ሁሉ የመንግሥት ነበሩ። ከመቶ 81 ደገፈው ተባለ። ጥፋቱ «ደግፉ» መባሉ አይደለም፤ «አትደግፉ» የሚል አንድም ጋዜጣ እንዳይኖር መደረጉ ነው።

ስለዚህ ነገ ሕገ መንግሥት ይሻሻል፣ ክልል ይከለል ተብሎ ሕዝበ ውሳኔ ሲመጣ፣ የግሉ ጋዜጣ አቋሙን ሳይፈራ ያውጣ። የመንግሥቱ ግን በኔም በናንተም ግብር የሚታተም ነውና ለሁለቱም ወገን እኩል ገጽ ይስጥ።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አበው። ዝም ያለ ጋዜጣ ግን ይነቅዛል!