ፊት ብቻውን አይበቃም

ሰሞኑን የታተመ አንድ ጽሑፍ «የአኒሜሽን ገጸ ባሕርይ ስሜት የሚነበበው ከፊቱ ነው፤ ሰውነቱ አጃቢ ነው» ይለናል። ስህተት ነው።

ፒክሳር በ1986 እ.ኤ.አ. የሠራውን «ሉክሶ ጁኒየር» እንይ። ገጸ ባሕርያቱ የጠረጴዛ መብራቶች ናቸው፤ ዓይንም አፍም የላቸውም። ትንሹ መብራት ኳሱ ሲተነፍስበት አንገቱን ይደፋል፤ ማዘኑ ለማንም ግልጽ ነው።

በእውነተኛ ሰው ላይም ያው ነው። አቪዜር፣ ትሮፕና ቶዶሮቭ በ2012 እ.ኤ.አ. በ«ሳይንስ» መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ ነጥብ ያገኙና ያጡ የቴኒስ ተጫዋቾች ፊት ለብቻው ሲታይ ተመልካቾች መለየት አቃታቸው፤ ሰውነታቸው ለብቻው ሲታይ ግን ለዩ።

ፊት ዋጋ የለውም አላልኩም። ስሜት ሲበረታ ግን ፊት ያሳስታል። አኒሜሽን የምትማሩ ወጣቶች፣ ከቅንድቡ በፊት ለትከሻው ተጨነቁ።