የመሬት ሽቦና የነጋዴው ኃላፊነት

አሮጌ ቤት በሚታደስበት ጊዜ ባለቤቱ ለቀለሙና ለወለሉ ብዙ ሲጨነቅ፥ በግድግዳው ውስጥ ለሚያልፈው ሽቦ ግን እምብዛም አያስብም። በአገራችን ወደየቤቱ የሚገባው የ220 ቮልት ኃይል ግን ሰውን ለመግደል የሚበቃ ነው።

ለመሬት ሽቦ የተዘጋጀ ሶኬት በግድግዳ ላይ ተተክሎ፥ ከበስተኋላው አረንጓዴና ቢጫ የሆነው ሽቦ ካልታሰረበት ጌጥ ከመሆን አያልፍም። የኤሌክትሪክ ምጣዱ ሽቦ ተልጦ ብረቱን በነካ ጊዜ፥ ኃይሉ ሌላ መንገድ ስለሌለው በጋጋሪዋ ገላ በኩል ወደ መሬት ይወርዳል። የመሬት ሽቦው በሚገባ ተዘርግቶ፥ በ30 ሚሊአምፔር የሚያቋርጠው መከላከያ ቢታከልበት ግን ኃይሉ ወዲያው ይቋረጣል።

ይህ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ጉዳይ ብቻ ነው ብለን ዝም ማለት አይገባንም። ለሶኬት የሚሆን 2.5 ካሬ ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ የጠየቀውን ደንበኛ ቀጭኑን ሰጥተን ብንሸኘው፥ ትርፉ የሳንቲም፥ ጉዳቱ የቤት ቃጠሎ ነው። ስለዚህ አስመጪው በሽቦው ላይ የተጻፈው ልክ እውነተኛ መሆኑን ሳይመረምር አያስመጣ፤ ባለሱቁም ሶኬት በሸጠ ቁጥር «የመሬት ሽቦውስ?» ብሎ ይጠይቅ። ደንበኛን የሚያበዛው የዋጋ መርከስ ብቻ ሳይሆን የነጋዴው መታመን ነውና።