ከመፍታት በፊት መስማት

መኪና ከሥሩ ድምፅ ሲያመጣ ብዙዎቻችን «ምኑ ይቀየር?» ብለን እንጀምራለን። ጥያቄው መሆን ያለበት ግን «መቼ ነው የሚሰማው?» ነው። በተለይ ፎር ዊል ላይ ይህን ዘሎ ወደ መፍታት የሚሄድ ሰው ደህናውን ዕቃ አስወጥቶ የታመመውን ይተዋል።

በየገጠሩ የሚሠሩት ላንድክሩዘር ሃርድቶፕና አሮጌ ሃይሉክሶች ፎር ዊላቸውን የሚያስገባው ሹፌሩ ነው። ሲገባ የፊትና የኋላ ዘንጎች እኩል እንዲዞሩ ይታሰራሉ። መታጠፊያ ላይ ግን የፊት ጎማዎች ከኋለኞቹ የሰፋ ዙር ስለሚሄዱ ፈጥነው መዞር ይፈልጋሉ። ጭቃና አሸዋ ላይ ጎማው እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያስታርቀዋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ይህ ዕድል የለም፤ ውጥረቱ ዘንጉና ጥርሱ ላይ ይከማቻል፤ መሪው ይከብዳል፣ ጎማው ይንጫጫል፣ ከሥር «ዷ!» ይላል። ይህ ድምፅ የአነዳድ እንጂ የዕቃ ችግር አይደለም፤ ከጭቃው እንደወጡ ፎር ዊሉን ማውጣት ይበቃዋል። ከፊት አዲስ፣ ከኋላ ያለቀ ጎማ የገጠመ መኪናም ቀጥ ባለ መንገድ ላይ ሳይቀር ያንኑ ውጥረት ይፈጥራል።

ፎር ዊሉ ወጥቶም ድምፁ ከቀጠለ ጊዜውን መለየት ነው። መሪው እስከ ጥግ ሲጠመዘዝ «ቀጭ ቀጭ» ካለ የፊት ጎማን የሚያዞረው መጋጠሚያ ይጠረጠራል። ሲነሳ ወይም ወደ ኋላ ማርሽ ሲገባ አንዴ «ቋ» ካለ የዘንጉን መጋጠሚያ (ክሮቼራውን) እዩ። ነዳጅ ሲሰጠውና ሲለቀቅ ጩኸቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ዲፈረንሻሉ ነው የሚጠረጠረው። ከፍጥነት ጋር የሚያድግ፣ ወደ አንድ ጎን ሲታጠፍ የሚብስ ጉምጉምታ ደግሞ የጎማ ኩሽኔታ ምልክት ነው። በተቃራኒው፣ ፎር ዊል ሲገባ ብቻ የሚንቋቋ ከሆነ የፊት ጎማዎቹ መቆለፊያ በሁለቱም በኩል በደንብ መግባቱ ይታይ።

ወንዝ የሚያቋርጥ መኪና ሌላ ጥንቃቄ ይሻል። የሞቀ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል፤ መተንፈሻው ከተደፈነ ባረጀው የዘይት መከላከያ ጎማ በኩል ውሃ ይስባል። ዘይቱ ወተት መስሎ ከነጣ ሳይውል ሳያድር መቀየር አለበት። አለዚያ ውሃው ኩሽኔታና ጥርስ ይበላል፤ ጩኸቱ የሚሰማው ከጉዳቱ በኋላ ነው።

ይህን ሁሉ ቀድሞ የሚሰማው ሹፌሩ ነው። መኪናው ውስጥ የሚውለው እሱ ሆኖ ሳለ «ድምፅ አለው» ሲል «እየሄደ አይደል እንዴ?» ብሎ የሚመልስ ኃላፊ ትልቅ በደል ይፈጽማል። ያ መኪና ምጥ የያዛት እናት የሚያመላልስ አምቡላንስ ሊሆን ይችላል፤ ዳገት ላይ ቢቆም በወጪ ብቻ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም።

ስለዚህ መሥሪያ ቤቶች በመኪናው መዝገብ ላይ ከኪሎሜትሩና ከነዳጁ ጎን ለድምፅ ቦታ ይስጡ፤ መቼ፣ በየትኛው ማርሽ፣ በምን ዓይነት መንገድ እንደተሰማ ይጻፍ። መካኒኩም ቁልፍ ከማንሳቱ በፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ መኪናውን ይሞክር። ከዚያ በኋላ የሚፈታው ዕቃ መፈታት ያለበት ይሆናል።