ቴሌቪዥኑን ፈቅደን እርሳሱን ከለከልን

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



የዩኒቨርሲቲ ምዝገባ በደረሰ ቁጥር በብዙ ሙስሊም ቤቶች የሚደገም አንድ ክርክር አለ። ልጁ ጥሩ ውጤት አምጥቷል። አባትና እናት «ሕክምና» ወይም «ምህንድስና» የሚለውን ቃል ለመስማት ጓጉተዋል። ልጁ ግን አንገቱን ደፍቶ «መማር የምፈልገው የኮምፒዩተር አኒሜሽንና የዲጂታል ሥነ ጥበብ ነው» ይላል። ቤቱ ጸጥ ይላል። ከዚያ አባት ሁለት ነገር ይናገራሉ። አንደኛው «ሥዕል ሐራም መሆኑን አታውቅም?» የሚል ነው። ሁለተኛው «ደግሞስ ሥዕል እንጀራ ይሆናል?» የሚል ነው። ይህ ሁሉ ሲባል ታናናሾቹ እዚያው ሳሎን ምንጣፉ ላይ ተደርድረው በዲሽ የሚመጣ ካርቱን ያያሉ። ወደ እነርሱ ዞር ብሎ ያየ ሰው የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ስለዚያ ሳሎን ነው። ምናልባት የእርስዎም ሳሎን ሊሆን ይችላል። የምለው ነገር አጭር ነው፦ ልጆቻችን ከሌሎች እጅ የወጣውን ምስል ከጧት እስከ ማታ እንዲያዩ ፈቅደን፣ የራሳቸውን እጅ ግን ከዚያ ሙያ ማገዳችን ተቅዋ አይደለም። ራስን ማታለል ነው።

«ሐራም ነው» ስንል

በመጀመሪያ ከባዱን ጥያቄ እንያዝ። አቅልለው የሚያልፉት ሰዎች ተሳስተዋል። ሕይወት ያላቸውን ነገሮች ምስል የሚሠሩ ሰዎች በቂያማ ቀን ብርቱ ቅጣት እንደሚጠብቃቸው የሚያስጠነቅቁ ሐዲሶች በቡኻሪና በሙስሊም ኪታቦች ሰፍረዋል። «ዘመኑ ተለውጧል» በሚል አንድ ቃል የሚታለፉ አይደሉም። በእነዚሁ ኪታቦች ደግሞ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) በአሻንጉሊቶቿ ትጫወት እንደነበረና መልእክተኛው (ሰ.ዐ.ወ.) እንዳልከለከሏት ተዘግቧል። አቡ ዳውድ በዘገቡት ላይ ከመጫወቻዎቿ መካከል ክንፍ ያለው ፈረስ ነበረበት። ዑለማእ ከእነዚህ ማስረጃዎች ተነስተው የተለያየ ብያኔ ሰጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ1999 ያረፉት ሸኽ ዐብዱልዐዚዝ ኢብን ባዝ የግድ ካልሆነ በቀር ፎቶግራፍን ሳይቀር ከልክለዋል። እ.ኤ.አ. በ2022 ያረፉት ሸኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊ ደግሞ ፎቶግራፍንና የልጆችን መጫወቻ ለይተው ፈቅደዋል።

እኔ ዓሊም አይደለሁምና በመካከላቸው አልፈርድም። እርስዎም ዓሊም ካልሆኑ አይፍረዱ። ልጁን ይዘው ወደሚያምኗቸው ዓሊም ይሂዱ። ሲሄዱ ግን ጥያቄውን አሟልተው ያቅርቡ። «ሥዕል እንዴት ነው?» ብለው በደፈናው ቢጠይቁ የሚያገኙት መልስ ግድግዳ ላይ ስለሚሰቀል ሥዕል ሊሆን ይችላል። ልጁ ራሱ የትምህርቱን ዝርዝር ይዞ ፊታቸው ይቀመጥ፤ ምን እንደሚማር፣ ምን ሊሠራ እንዳሰበ፣ ለምን እንደሚሠራው ይንገራቸው። ጥያቄው ሲሟላ መልሱም ይሟላል።

ጥብቁን ብያኔ ቢይዙ እንኳ በሩ ሁሉ አይዘጋም። ኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) በዚህ ሙያ የሚተዳደር ሰው መጥቶ በጠየቃቸው ጊዜ ዛፍንና ነፍስ የሌለውን ነገር እንዲሠራ መክረውታል። ይህን ትምህርት የጨረሰ ወጣት ገና መሠረቱ ያልተጣለ ሕንፃ ተሠርቶ ሲያልቅ ምን እንደሚመስል ያሳያል። ፕላኔቶች እንዴት እንደሚዞሩ፣ ሞተር ውስጥ ነዳጅ እንዴት እንደሚነድ ለተማሪ ያስረዳል። የዐረብኛን ኸጥና የመስጊዶቻችንን ጌጥ በስክሪን ላይ ሕይወት ይዘራባቸዋል። በዚህ ሁሉ ውስጥ ነፍስ ያለው ፍጡር ምስል የለበትም።

አሁን ግን እስቲ ወደ ሳሎኑ እንመለስ። ታላቁ ሊሠራው ሐራም ነው የተባለውን ምስል ታናሹ በየቀኑ ለሰዓታት ሲያየው ለምን አልደነገጥንም? «መሥራትና ማየት አንድ አይደለም» የሚል ሰው ይኖራል። ይሁን፣ የፊቅሁን ልዩነት ዑለማእ ይለዩት። ነገር ግን ሐራምን መፍራታችን እውነተኛ ከሆነ፣ ፍርሃቱ ልጃችን የመረጠው ትምህርት ላይ ሲደርስ ብቻ የሚነቃ፣ ቴሌቪዥኑ ፊት ሲደርስ ደግሞ የሚተኛ መሆን የለበትም። ጥብቁን ብያኔ የያዘ ቤት ዲሹንም ያውርድ፤ ያንን ቤት አከብራለሁ። ዲሹን ሰቅሎ እርሳሱን የሚሰብረውን ቤት ግን አልረዳውም።

«እንጀራ አይሆንም» ስንል

ሁለተኛው ክርክር የሚመነጨው ትምህርቱን ካለማወቅ ነው። ብዙዎቻችን «ሥዕል» ሲባል የሚታየን ሥራ ፈት ልጅ ደብተር ላይ የሚሞነጫጭረው ነው። እውነቱ ሌላ ነው። በሲኒማ አንድ ሰከንድ ማለት ሃያ አራት ምስል ነው። የአሥር ደቂቃ ታሪክ 14,400 ምስል ይሆናል። በእያንዳንዱ ውስጥ ብርሃኑ ከየት እንደሚመጣ፣ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ፣ ልብሱ በነፋስ እንዴት እንደሚታጠፍ መታሰብ አለበት። ስለዚህ ተማሪው በእጅ መሣልን ብቻ ሳይሆን የአጥንትንና የጡንቻን አሠራር፣ ጂኦሜትሪን፣ የብርሃንን ጠባይ፣ የታሪክ አወቃቀርን፣ ድምፅን፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራምንም ይማራል። ስለ ብርሃንና ስለ ዓይን «ኪታብ አል-መናዚር»ን የጻፈው ኢብኑል ሀይሠም ሙስሊም ነበር። ዛሬ ኮምፒዩተር የሚሠራበት አልጎሪዝም ስሙን ያገኘው ከአል-ኸዋሪዝሚ ነው። የአባቶቻችን ስም መሠረቱ ላይ ባለበት ቤት ልጆቻችን እንግዳ ሆነው መቅረታቸው አያሳዝንም?

ሥራ ይገኛል ወይ ለሚለው፣ አንዱም ዲግሪ ሪዝቅን ዋስትና አይሰጥም፤ ሪዝቅ ከአላህ (ሱ.ወ.) ነው። ሙያው ችግር የለበትም አልልም። ብዙው ሥራ በኮንትራት ነው፤ ሰዓቱ ረጅም ነው፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለውም በጥቂት ሰከንድ ምስል ማውጣት ጀምሯል። ወላጅ ይህን አውቆ መስጋቱ ትክክል ነው። ሆኖም ያ ማሽን የሚያወጣው ከተመገበው ነው። የሐረርን ስፌት፣ የወሎን መንዙማ፣ በረመዳን ማታ የእናቶቻችንን ማዕድ ምን ያህል አብልተነዋል? ያልሠራነውን ማንም ማሽን አይመልስልንም።

«መሣሪያው ውድ ነው» የሚልም አለ። ብሌንደር የተባለው የአኒሜሽን ፕሮግራም ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ሰው ክፍት ሆኖ በነጻ ይገኛል። የሁለት ሚሊዮን ሕዝብ እንኳ የማይሞላት ላትቪያ በዚሁ በነጻ ፕሮግራም በተሠራ «ፍሎው» በተባለ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2025 የአሜሪካኖቹን የኦስካር ሽልማት ወስዳለች። የጎደለን ገንዘብ ብቻ ነው ማለት ከእንግዲህ አያዋጣም።

ታሪካችንን ማን ይንገረው?

ቢላል (ረ.ዐ.) እናቱ ሐበሻ ነበረች። ልጆቻችን ስሙን ከአዛን ጋር ይሰሙታል። የእርሱ ታሪክ በኮምፒዩተር አኒሜሽን ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ለዕይታ ሲበቃ የተሠራው ዱባይ ነው። ሰሐቦች እ.ኤ.አ. በ615 ወደ ነጃሺ ተሰደው ፍትሕ ያገኙት በእኛው ምድር ነው። ያ ችሎት በፊልም የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1976 በወጣው፣ በሞሮኮና በሊቢያ በተቀረጸው «አር-ሪሳላ» ነው። ለሠሩት አላህ ይስጣቸው። የእኛ ልጆች ግን የገዛ አገራቸውን ታሪክ ከውጭ እየተቀበሉ እስከ መቼ?

የ«አር-ሪሳላ»ን አዘጋጅ ሙስጠፋ አል-ዐቃድን እንውሰድ። የሐለብ ልጅ ነው። ወደ አሜሪካ ሄዶ ፊልም ልማር ሲል የዚያ ዘመን ሰው ምን ብሎ እንደሚስቅ መገመት አያቅትም። አባቱ በአውሮፕላን ጣቢያ የሸኙት በአንድ እጅ ሁለት መቶ ዶላር፣ በሌላ እጅ ቁርኣን ሰጥተው እንደነበር እርሱ ራሱ ተናግሯል። አባትየው ሀብታም አልነበሩም፤ ያላቸውን ሰጡ። ልጁ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በምስልም በድምፅም ሳይታዩ ታሪካቸው በዓለም ዙሪያ እንዲታይ አደረገ። እውነቱን ለመደበቅ አልፈልግም፤ ይኸው ሰው «ሀሎዊን» በተባሉት አስፈሪ ፊልሞችም አዘጋጅነት ይታወቃል። ሙያ ቢላዋ ነው፤ ሽንኩርትም ይቆርጣል፣ ጣትም ይቆርጣል። ቢላዋውን መከልከል መፍትሔ አይሆንም፤ አያያዙን ማስተማር እንጂ።

የማሌዥያውንም እንይ። «ኡፒንና ኢፒን» የተባለው የልጆች አኒሜሽን እ.ኤ.አ. በ2007 ሲጀመር ዓላማው ለሕፃናት የረመዳንን ጾም ማስረዳት ነበር። አያታቸው ዘንድ የሚያድጉ ሁለት መንትያ የቲሞች በመንደራቸው ሲጾሙ፣ ሲርባቸው፣ ሲያፈጥሩ ያሳያል። ከጀማሪዎቹ መካከል እዚያው አገር መልቲሚዲያ ዩኒቨርሲቲ ከተባለ ተቋም የወጡ ወጣቶች ነበሩ። እነዚያ ወጣቶች አንድ ቀን እንደ እርስዎ ልጅ አባታቸው ፊት ቆመው «አኒሜሽን ልማር» ያሉ ልጆች ናቸው። በዚያን ቀን የሁሉም አባት እምቢ ብሎ ቢሆን ኖሮ የማሌዥያ ሕፃን ዛሬም ጾምን የማያውቅ ካርቱን ብቻ ያይ ነበር።

ለተማሪውም አንድ ቃል

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! ለቤተሰብህ፣ ለቤተሰብሽ ይህን ሁሉ የተናገርኩት እናንተን ነጻ ለመልቀቅ አይደለም። ከመመዝገባችሁ በፊት የትምህርቱን ዝርዝር አንብቡ። በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ ብዙ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቶች ራቁቱን የቆመ ሰው አይቶ መሣል ከትምህርቱ አንዱ ክፍል ነው። በልብስ የተሸፈነ ሰው ወይም አጽም እየሣላችሁ ማለፍ ትችሉ እንደሆነ ክፍያ ከመክፈላችሁ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ። ካልተፈቀደ ሌላ ትምህርት ቤት ፈልጉ፤ የአላህ ምድር ሰፊ ናት። ሥራ ማስረከቢያ ሲደርስ ሌሊቱን ኮምፒዩተር ፊት አድሮ ሱብሕን ተኝቶ የሚያሳልፍ ልጅ አባቱን ትክክል አደረጋቸው ማለት ነው። ኒያችሁንም አሁኑኑ አስተካክሉ። ሐያእን የሚያፈርስ ሥራ በጥሩ ደሞዝ ሲቀርብላችሁ «አይ» ማለትን ያኔ መማር አይቻልም፤ ዛሬ ቤት ውስጥ ተምራችሁ መሄድ አለባችሁ።

ውድ አንባቢ፣ ወደ እርስዎ እመለሳለሁ። ልጅዎ ይህን ሲጠይቅዎ በልቡ ፈቃድዎን ብቻ አይደለም የሚሻው። ሊሠራ ያሰበውን ይነግርዎት ዘንድ ዕድል እየጠየቀዎት ነው። እምቢ ቢሉት ምናልባት ይታዘዝዎታል፤ ሳይወደው ሌላ ትምህርት ይጀምራል። ወይም ደግሞ ተደብቆ ይማራል፤ ያኔ ሙያውን ያውቃል፣ የእርስዎን ዱዓና ምክር ግን ሳይይዝ ይሄዳል። ሁለቱም ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ከዒሻ በኋላ ቴሌቪዥኑን ያጥፉት። ልጁን አጠገብዎ አስቀምጠው «እስቲ የሠራኸውን አሳየኝ» ይበሉት። ታናናሾቹም ይምጡና አብረው ይዩ። ወደ ዓሊሙ የምትሄዱበትን ቀን በዚያው ይቁረጡ። ዓሊሙ ከፈቀዱ፣ እርስዎም እንደ ሐለቡ አባት ያለዎትን በአንድ እጅ፣ ቁርኣኑን በሌላው ይዘው ይሸኙት።

አላህ ልጆቻችንን ለዲናቸውም ለዱንያቸውም የሚጠቅሙ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።